ሞጣ የመጣችው የጀልባ ሞተር

ቢቸና የወፍጮ ቤት መካኒክ ሆኜ በምሠራበት ዘመን፣ ገበያ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከእኔ ደህንነት አስቀድሞ የሚጠይቀኝ የሞተሯን ደህንነት ነበር። «እንዴት አደረች?» ይሉኛል። «ደህና አድራለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ጤፉን በአህያ ጭኖ ከሩቅ የመጣ ሰው ሞተሯ ታመመች ከተባለ ጭነቱን ይዞ መመለሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለወግ ያህል የሚጠየቅ አልነበረም።

ሙያውን የተማርኩት ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ የጭነት መኪናና የመንገድ መደልደያ ሞተር ስንፈታና ስንገጥም ከርመን፣ ጓደኞቼ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ እኔ ወደ ትውልድ ከተማዬ ተመለስኩ። ምክንያቱን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናቴ ብቻዋን ስለሆነች ነው እል ነበር። እውነት ነው፤ ግን ሌላም ምክንያት ነበረኝ። መኪና ይመጣል፣ ይጠገናል፣ ይሄዳል፤ ዳግመኛ አታየውም። የወፍጮ ሞተር ግን አብራህ ትውላለች። የናፍታ ሞተር ነገሯ ሁሉ ሲስተካከል የምታሰማው ድምፅ ላልለመደው ሰው ጩኸት ነው፤ ለእኔ ግን ሰው ሥራው ሲቀናው የሚያንጎራጉረው ዓይነት ነበር። የጀልባ ሞተር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጀልባ ራሷንም የማውቃት የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ተሥላ ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። አንድ የገበያ ቀን ከሞጣ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አስጠራኝና፣ ሞጣ የሚኖሩ አንድ ሐጂ ለሥራ እንደሚፈልጉኝ ነገረኝ። ምን ሥራ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ሐጂ ከባሕር ዳር የጀልባ ሞተር አስጭነው እንዳመጡና ወፍጮ ሊያደርጓት እንዳሰቡ አወራኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅሁት። ሞጣ ከጮቄ በኩል ከሚወርዱት ወንዞች በቀር ውኃ የላትም፤ በእነሱ ላይ ደግሞ ጀልባ አይሄድም። ሹፌሩ ግን ሞተሯን ጭኖ ያመጣት እሱ ራሱ ስለነበር እየሳቀ ማለልኝ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ አብሮኝ የሚሠራው ሰው ሥራውን ለብቻው እንደሚወጣው ስለሚያውቁ፣ ክረምት ሳይገባ ተመለስ ብለው ፈቀዱልኝ። መሣሪያዬን በጆንያ ቋጥሬ መኪናው በጫነው ቆዳ ላይ ወጣሁ። ያን ጊዜ መንገዱ የበጋ ብቻ ነበር። ሞጣ ስደርስ ቅንድቤ ሳይቀር አፈር ለብሶ ስለነበር፣ ሐጂ ከሰላምታ በፊት ያዘዙት ውኃ እንዲመጣልኝ ነው።

ሐጂ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ ላይ በንግድ የኖረ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ነበሩ፤ መሳቃቸው የሚታወቀው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው። የሞተሯን ታሪክ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠን ነገሩኝ። ባሕር ዳር ከሚኖረው ከባለቤታቸው ወንድም ጋር ሆነው፣ ጣና ላይ እህልና ሰው የምታመላልስ ጀልባ ገዝተው ነበር። ጀልባዋ ግን አሳፈረቻቸው። ጭነት ሲበዛባት ጥቁር ጭስ እየተፋች ታቃስታለች እንጂ አትሄድም። ለአንድ የደሴት ገዳም ንግሥ ነጭ ለብሰው የተሳፈሩ ምእመናን ጥቀርሻ ለብሰው ወረዱ። ይባስ ብሎ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች በጎኗ እያለፉ፣ ገመድ ወርውረን እንጎትታችሁ ወይ እያሉ ያሾፉባት ጀመር። ሐጂ መካኒክ በመካኒክ ላይ አስመጡ። አንዱ ፒስተኗን ፈታ፣ ሌላው ናፍታ የሚረጨውን አፍ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ከጀልባዋ አስነቀሏትና ወደ ሞጣ አስጫኗት።

«ለውኃ ካልሆነች ለእህል ትሁን ብዬ ነው» አሉኝ። «ሞጣ ያለችው ወፍጮ ለሕዝቡ አልበቃችም።»

ሞተሯ የመጣችው ብቻዋን አልነበረም፤ ጀልባዋን የሚነዳው መሪም አብሯት መጥቶ ነበር። ጣና ዳር ተወልዶ ያደገ፣ በዕድሜ ብዙ የሚበልጠኝ፣ ክንደ ወፍራምና ወሬው አጭር ሰው ነው። ጋሼ እለው ነበር። አሳቡ ሞተሯን አስረክቦ መመለስ ሲሆን፣ መኪናው ሲመለስ ግን አልተሳፈረም። ለምን እንደቀረ የጠየቀው የለም፤ ሐጂም ከግቢያቸው አንድ ክፍል ሰጡት። የሞጣ ነፋስ ከንፈሩን ሰነጣጥቆት ቅቤ ሲቀባ ይውላል። ጠዋት ጠዋት ዳገቱ ላይ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ያያል። ጣና ከሞጣ አይታይም፤ እሱ ግን በየት በኩል እንዳለ ያውቀዋል።

ሞተሯን ገና ሳያት ወደድኳት። ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ አጭርና ደንዳና፣ አረንጓዴ ቀለሟ የተላላጠ ነበረች። ጎኗ ላይ የተመታው ትንሽ የብረት ሳህን በደቂቃ ስንት ዙር መዞር እንዳለባት ይናገራል። ፈታትቼ ብመረምራት የከፋ ነገር አላገኘሁባትም። ቫልቮቿን አስተካከልኩ፣ ናፍታ የምትረጭበትን ጊዜ ከምልክቱ ጋር አገናኘሁ፣ የላላውን ብሎን አጠበቅሁ። ከዚያ በወፍራም የጥድ ግንድ ላይ ከወፍጮው ድንጋይ አጠገብ ተከልናት። አንድ ችግር ግን ቀረን። የጀልባ ሞተር የምትቀዘቅዘው ከሐይቁ በምትስበው ውኃ ነው። ሞጣ ላይ ሐይቅ ከየት ይምጣ? ሁለት በርሜል አቆምንላት፤ ከአንዱ ቀዝቃዛውን ትስባለች፣ ወደ ሌላው ሙቁን ትተፋለች።

በርሜሉን ማን እየሞላ ይዘልቃል ብለን ስንጨነቅ መላ ያገኙልን ሴቶቹ ናቸው። ባዶዋን ባስነሳናት ቀን ሊያዩ ከመጡት አንዷ እጇን ሙቁ በርሜል ውስጥ ከተተችና፣ ይህን ይዛ ሄዳ ልጆቿን ብታጥብበት እንፈቅድላት እንደሆነ ጠየቀች። የሞጣ ጠዋት ብርዱ የሚቻል አይደለም። ከዚያ በኋላ ወደ ወፍጮው የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ እንስራ ቀዝቃዛ ውኃ ይዞ ይመጣል፤ አንድ እንስራ ሙቅ ውኃ ይዞ ይመለሳል። ሐጂ ይህን ሲያዩ ትከሻቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

እህል ያስገባንባት ቀን ግን ሞተሯ አዋረደችን። ሞተሯን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የሚጠመጠምበት የሞተሯ መንኮራኩር ከሐጂ መጋዘን ያገኘሁት ትልቅ መንኮራኩር ነበር። ትልቅ ቢሆን ድንጋዩ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ዱቄቱም በብዛት ይወርዳል ብዬ ነው። ስንዴው መፍሰስ ሲጀምር የሞተሯ ድምፅ ወረደ፤ አቃሰተች፤ የጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ያንዶለዱለው ጀመር። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ። ጥግ ይዞ ተቀምጦ የነበረው መሪ ብድግ አለ።

«ይህን ጭስ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ጣና ላይ የምትተፋው ይህንኑ ነው። ድምፅዋም ይኸው ነው።»

የዚያን ሰዓት ከልቤ አልሰማሁትም። ያሳሰበኝ ወፍጮው ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ሞተሯ የራሷን ዙር ሳትሞላ ከአቅሟ በላይ አስጎትቻታለሁ። እንዲህ ስትያዝ ናፍታው ሳይቃጠል እየጠቆረ ይወጣል። መንኮራኩሩን በትንሽ መቀየር ነበረብኝ። ምን ያህል ትንሽ እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ዙሯን መቁጠር ያስፈልጋል። ዙር የምትቆጥር ትንሽ መሣሪያ ከጋራዡ ጀምሮ አለችኝ። ጫፏን በሚዞረው የሞተሯ ዘንግ መሐል ላይ ደገፍ አድርገው ደቂቃ መያዝ ነው። ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት ግን የለኝም። የሐጂም ሰዓት ሰከንድ አይቆጥርም። እሳቸው ግን ወዲያው፣ «ሲስተር ጋ አለ» አሉ።

ሲስተር የሚሏት በጤና ጣቢያው የምትሠራውን ነርስ ነው። ከድሬዳዋ ተመድባ የመጣች ወጣት ስትሆን፣ ብርዱን ለመቻል ከነጭ ጋዋኗ ላይ ሁለት ሹራብ ትደርብ ነበር። ሰዓቷን እንድታውሰን ሰው ብንልክባት ራሷ መጣች። ሰዓቷን ለሰው እንደማታውስ፣ ግን የምንቆጥረውን እሷው ልትቆጥርልን እንደምትችል ነገረችን። ሞተሯን አስነሳሁ። ሲስተር በአንድ እጇ ሰዓቷን ይዛ ሌላውን እጇን የሞተሯ ጎን ላይ ጣል አደረገች፤ የሰው ትኩሳት የምትለካ ነበር የምትመስለው።

«ምን ያህል መምታት ነበረባት?» አለችኝ።

ሳህኑን አሳየኋት። ቆጠርን። ባዶዋን ስትሆን ከሳህኑ ጋር ትስማማለች፤ እህል ሲገባባት ግን በጣም ትወርዳለች። ሲስተር ቁጥሩን ሰምታ፣ «እንግዲህ ጉልበቷ ደህና ነው፤ ሸክሟ ነው የበዛው» አለች። እኔም የማስበው ይህንኑ ስለነበር ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ከምክንያቱ ትንሽ በልጦ እንደነበርም ትዝ ይለኛል። ከዚያው መጋዘን ያገኘነውን ትንሽ መንኮራኩር ገጥመን እንደገና ስንዴ አስገባን። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ተመለሰና ረጋ፤ ጭሱ ጠራ። ዱቄቱ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጂ ከዱቄቱ በጣታቸው ቀምሰው ለሲስተርም ለእኔም አቀመሱን።

ወፍጮው በሚገባ መሥራት ሲጀምር እኔ ወደ ቢቸና መመለስ ነበረብኝ። ነገር ግን የመሪው ንግግር አልለቀቀኝም። ተመሳሳይ ጭስ፣ ተመሳሳይ ድምፅ። ይህች ሞተር እዚህ እንዲህ የምትፈጭ ከሆነ ጣና ላይ ምን ነካት? አንድ ከሰዓት በኋላ መሪውን ይዤ ሞተሯ ጀልባዋን የምትገፋው በምን እንደሆነ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ወደ ሐጂ መጋዘን ወሰደኝ። ፕሮፔለሩ፣ ማለት ሦስት ክንፍ ያለው ከጀልባዋ ኋላ በውኃ ውስጥ የሚሽከረከረው ነሐስ፣ አብሮ ተጭኖ መጥቶ የጨው በርሜል ክዳን እንዳይነሳ ከላይ ተጭኖበት ነበር። ሁለታችን አንስተን ወደ ብርሃን አወጣነው።

መሪው የነገረኝ ይህ ነው። ጀልባዋ ከሐጂ በፊት የሌላ ሰው ነበረች። ያ ሰው ድሮ የነበራትን ትንሽ ፕሮፔለር ድንጋይ ሰብሮበት፣ ይህን ከሌላ ትልቅ ጀልባ ላይ አግኝቶ አስገጠመው። ትልቅ ከሆነ ብዙ ውኃ ይገፋል፣ ጀልባዋም ትበራለች ብሎ ነው። ሰምቼ ሳልጨርስ ሳቄ መጣ። እኔም በመንኮራኩሩ የሠራሁት ይህንኑ ነበር። በስንዴው ቦታ ውኃ፣ በመንኮራኩሩ ቦታ ነሐሱ መግባቱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ወደ ሐጂ ሄድን። ሞተሯ ጥፋት እንደሌለባት፣ ከኋላዋ ያሰሩባት ነገር እንደከበዳት፣ ነሐሱን ዙሪያውን ብናሳንሰው ጀልባዋ እንደምትሄድ አስረዳኋቸው። ሐጂ አልጣማቸውም። ወፍጮው እየሠራ ነው፤ ሕዝቡ እየመረቃቸው ነው፤ ያቺ ሐይቅ አንዴ አሳፍራቸዋለች። ሌላ የወፍጮ ሞተር ከአዲስ አበባ ማስመጣት እንደሚችሉ ብነግራቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አጠገቤ ወደቆመው መሪ ዞረው እሱ ምን እንደሚል ጠየቁት።

«እኔማ ሐጂ፣ ሞጣ ላይ የምመራው ነገር የለኝም» አለ።

የሐጂ ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነገሩ እንዳለቀ አወቅሁ። ሌላው ሞተር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይህችው እንድትፈጭ፣ ሲመጣ ግን ወደ ጣና እንድትመለስ ፈቀዱ። እኔም ለቢቸናው ባለቤት መዘግየቴን በሹፌሩ በኩል አስነገርኩ።

ነሐሱን የማሳነሱን ሥራ የያዙልን አንድ የሞጣ ብር ሠሪ ናቸው። የጆሮ ጉትቻና የአንገት መስቀል የሚሠሩ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ሱቃቸው ገብቶ አያውቅም። ለጀልባ የሚሆን ጌጥ መሥራት በዕድሜዬ መጨረሻ ደረሰብኝ እያሉ ቀለዱ። መጀመሪያ ከቆዳ ልክ ቆረጥንና ሦስቱም ክንፎች እኩል እንዲሆኑ ልኩን በየተራ ጫንንባቸው። ከዚያ በመጋዝ ጫፍ ጫፉን፣ በሞረድ ጠርዝ ጠርዙን። እኔ ስሞርድ የሚያዩኝ በትዕግሥት ነው፤ ትንሽ ቆይተው ይቀበሉኝና እኔ ያጎደጎድኩትን በለስላሳ እጅ ያቃኑታል።

ከባዱ ሥራ ሚዛኑ ነው። አንዱ ክንፍ ከሌላው በትንሹ እንኳ ቢከብድ ጀልባዋ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፣ ዘንጓ የሚዞርበት ኩሽኔታም ይበላል። በነሐሱ መሐል ቀጥ ያለ ብረት አስገብተን በሁለት በተስተካከሉ ጠርዞች ላይ አስቀመጥነው። በቀስታ ገፋ ሲያደርጉት ይዞርና የከበደው ክንፍ ወደ ታች ወርዶ ይቆማል። ያንን ትንሽ ሞርደን እንደገና እንገፋዋለን። ሲስተር ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ትመለከት ነበር። በስተመጨረሻ ነሐሱን እሷ ገፋችው፤ ዞረ፣ ዞረና ያለ ምንም መመለስ እንዳቆመችው ቆመ። ሌላ ቦታ ላይ አቆመችው፤ እዚያም ቆመ። ብር ሠሪው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ተነሱና፣ ይህን ያህል የተስተካከለ ነገር ሠርተው እንደማያውቁ ተናገሩ። የሞረዱን ብናኝ ሰብስበው አቅልጠው ለእኔም ለሲስተርም ለመሪውም የጆሮ መጥረጊያ ሠሩልን።

አዲሱ የወፍጮ ሞተር መጥቶ ከተተከለ በኋላ የጀልባዋን ሞተር ጭነን ወደ ባሕር ዳር ወረድን። ሐጂ ጋቢና ውስጥ ነበሩ። ሲስተርም አብራ መጣች። ለጤና ጣቢያው የሚመጣ መድኃኒት ስለነበር ባሕር ዳር የሚያስኬድ ሥራ ነበራት፤ ሰዓቷን ለሰው ስለማታውስ እሷው መሄድ እንዳለባት ለኃላፊዋ የነገሩት ግን ሐጂ ናቸው። እኔና መሪው ጭነቱ ላይ፣ ከሞተሯ ጎን ተቀምጠናል። አዴትን አልፈን ወደ ባሕር ዳር ስንጠጋ መሪው ከንፈሩን መላስ ጀመረ። ውኃው ሸተተኝ አለ። ጥቂት ቆይቶ ጣና ታየኝ። ሰማዩ መሬት ላይ የወረደ መሰለኝ፤ አፌን ከፍቼ ስቀር መሪው ሐይቁን እሱ የሠራው ይመስል በኩራት ያየኝ ነበር።

ሞተሯን ወደ ጀልባዋ መልሰን፣ ነሐሱን የሚያዞረውን ዘንግ ከሞተሯ ጋር አስተካክለን፣ ነሐሱን ገጠምን። እህል ጭነን ልንሞክራት ስንል ሐጂ ዳር ላይ ቀሩ። ያኔ ነው ጀልባቸው ላይ ተሳፍረው እንደማያውቁ የሰማሁት። ውኃ ይፈራሉ። ጀልባ የገዙትም ሰው ሲመላለስባት ከዳር ሆነው ለማየት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ግማሽ ደስታ ነበር። ጀልባዋ ከድሮው ተሻለች፤ ጥቁሩ ጭስ ግራጫ ሆነ። ግን መሣሪያዬን ዘንጉ ላይ ደግፌ ሲስተር ደቂቃውን ስትቆጥር፣ ሞተሯ ሳህኗ ላይ ወደተጻፈው ዙር አልደረሰችም። ነሐሱን ስንቆርጥ ፈርቼ ትንሽ ነበር ያስቆረጥኩት። ወደ ዳር ስንመለስ ሐጂ ጭሱን አይተው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር አጠገቤ መጣች።

«ለሕፃን መድኃኒት ስንጀምር ከትንሽ ነው» አለችኝ። «ካነሰ ትጨምርለታለህ። ከበዛ ግን መመለሻ የለውም። ያንተስ ነሐስ ከተቆረጠ በኋላ መልሶ ይቀጠላል?»

አይቀጠልም አልኳት። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የምትለኝ። አንተ ማለቷን እሷ ያወቀችው አይመስለኝም፤ እኔ ግን ከንግግሯ ሁሉ ቀድሞ የሰማሁት እሱን ነው።

በማግስቱ ጀልባዋን ከውኃው ጎትቶ ማውጣት ነበረብን። መሪው ታንኳ ቀዛፊዎቹን ጠራ፤ እነዚያው ያሾፉ የነበሩት ናቸው። ገመዱን ይዘው እየዘፈኑ ጎተቷት፤ ሐጂ ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ጥለው የገመዱን ጫፍ ያዙ። ነሐሱን ፈትተን የቆዳውን ልክ አሳነስንና እንደገና መሞረድ ጀመርን። ብር ሠሪው አብረውን ስላልመጡ ሥራው ሁሉ የእኔ ሆነ። እጃቸውን እያሰብኩ በቀስታ ሞረድኩ፤ ሚዛኑን ሲስተር ጠበቀችልኝ። ገጥመን ጀልባዋን ወደ ውኃ ገፋናት።

ያን ቀን እህሉን ሙሉ ጫንን። ጋሼ የጀልባዋን መሪ ጨብጦ ናፍታውን ቀስ እያለ ጨመረላት። ጀልባዋ አፍንጫዋን ትንሽ ቀና አድርጋ ወጣች። ድምፅዋ ጨመረ፣ ጨመረና አንድ ቦታ ላይ ረጋ። ያንን ድምፅ ሰምቼ ሳልቆጥር አወቅሁ፤ ቢሆንም ቆጠርን። ሲስተር «አሁን!» ስትል መሣሪያዬን አነሳሁ፤ ቁጥሩ የሳህኑ ቁጥር ነበር። ወደ ጭስ ማውጫው ዞረን አየን። በብርድ ጠዋት ከሰው አፍ የሚወጣ የመሰለ ስስ ነገር ብቻ ነው። ለካ ናፍታውም ከድሮው ያነሰ ነው የምትጠጣው፤ ይህን ግን ያወቅነው ኋላ ነው። የመሪው ጉንጭ ላይ እንባው ይወርድ ነበር፤ ነፋሱ ነው ሊለኝ አሰበና ተወው።

ታንኳዎቹን አልፈናቸው ስንሄድ ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን ወደ ላይ አንስተው ሰላም አሉን። አሁን ያለ ገመድ መሄድ ትችላላችሁ የሚል ድምፅ ተከተለን። ዞረን ወደ ዳር ስንቀርብ ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው ቆመዋል። «ውሰዱኝ» አሉ። መሪውና እኔ ግራና ቀኝ ደግፈን አሳፈርናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የጀልባዋን ጠርዝ አጥብቀው ይዘው፣ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር። መሐል ላይ ስንደርስ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቃቸውን በድምፅ ሰማሁት። ወደ ዳር እንመለስ ስንል፣ ትንሽ ቆዩ አሉን።

ወደ ሞጣ ስንመለስ ጋቢና ውስጥ ቦታ ስለነበር ሐጂ እኔንም ከሲስተር አጠገብ አስቀመጡኝ። እሳቸው ሞጣ ያለው ወፍጮ መካኒክ እንደሚያስፈልገው ለሹፌሩ ማውራት ጀመሩ፤ ወሬው ለእኔ እንደሆነ ግልጽ ነበር። ሲስተር በመስኮቱ እያየች፣ ቢቸና ከሞጣ ሩቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሩቅ እንዳልሆነ ነገርኳት። ሩቅ ካልሆነ እናቴ ሞጣ ልትኖር ትወድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ሹፌሩ ግን ሳቁን ለመደበቅ ጥሩምባውን ባዶ መንገድ ላይ ነፋ።

ክረምቱ ሲያልፍ ተጋባን። የሷ ቤተሰቦች ከድሬዳዋ መጥተው ብርዱን እያማረሩ እሳት ዳር ከርመው ሄዱ። እናቴ ከቢቸና መጣች፤ አልተመለሰችም። ሠርጉ የተደረገው ሐጂ ግቢ ውስጥ ነው። ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ሁለት የሥጋ ድግስ ለየብቻ ተዘጋጅቶ፣ ሰው በሁለት ድንኳን ሊቀመጥ ሲል አንድ የጭነት መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። መሪው ነው። በእርጥብ ደንገል የተጠቀለለ ዓሣ በጆንያ በጆንያ ይዞ መጥቷል። ሞጣ ላይ ዓሣ የሚሠራ ሰው ስላልነበረ፣ ድሬዳዋ ከጅቡቲ የሚመጣውን ዓሣ ስትሠራ ያደገችው ሙሽራ ራሷ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሴቶቹን ዙሪያዋን አድርጋ አሠራሩን አሳየቻቸው። ዓሣ ደግሞ ባርኮ በሚያርደው ሰው ሃይማኖት የሚለይ ሥጋ አይደለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። ሐጂ በመሐል ያለውን መጋረጃ አስነሱ። ሁለቱ ድንኳኖች አንድ ሆኑ፤ ብር ሠሪው፣ ሐጂ፣ እናቴና አማቶቼ ከአንድ መሶብ ዓሣ በሉ። መሪው እሾኹን እንዴት እንደሚለዩ ለሁሉም እያሳየ፣ እንደዚያ ቀን ብዙ ሲያወራ አይቼው አላውቅም።